ያልመጣው ቁርስ፦ የዴኒስ ምግብ ቤት ጉዳይ፣ አናፖሊስ 1993

ኤፕሪል 1 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ስለ ሩሲያ ርዳታ ንግግር ለማድረግ ወደ አናፖሊስ ይሄዱ ነበር። አናፖሊስ የሜሪላንድ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ ከዋሽንግተን በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ የሚገኘውም እዚያው ነው። ለጥበቃው ቀድመው የተላኩ 21 የሲክሬት ሰርቪስ (የፕሬዚዳንቱ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ባልደረቦች፣ የደንብ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ ቁርስ ለመብላት በመላ አሜሪካ ቅርንጫፎች ካሉት ከዴኒስ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ አሉ። ለመብላት የነበራቸው ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነበር።

ከመካከላቸው ስድስቱ ጥቁሮች አንድ ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ። አሥራ አምስቱ ነጮች በአቅራቢያቸው ባሉ ጠረጴዛዎች ተከፋፈሉ። ሁሉም አዘዙ። በኋላ ለፍርድ ቤት የቀረበው ክስ እንደሚለው፣ የነጮቹ ምግብ መጣ፤ በሉ፤ አንዳንዶቹም ሁለተኛ፣ እንዲያውም ሦስተኛ ጊዜ ተጨመረላቸው። የስድስቱ ጠረጴዛ ግን ባዶውን ቀረ። አስተናጋጇን ጠየቁ፤ እየመጣ ነው ተባሉ። ደግመው ጠየቁ። ኃላፊውን አገናኙን አሉ፤ ኃላፊው ስልክ ላይ ነው ተባሉ። ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ከጠበቁ በኋላ ወደ ሥራ የሚሰማሩበት ጊዜ ደረሰና ሳይበሉ ወጡ።

በሜይ ወር ስድስቱ ባልደረቦች በባልቲሞር በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ፕሬዚዳንቱን ለመጠበቅ ሕይወታቸውን አሲዘው የሚሠሩ ሰዎች አንድ ሳህን ቁርስ አጡ የሚለው ዜና አገር ምድሩን አዳረሰ። ኩባንያው በመጀመሪያ የሰጠው ማብራሪያ፣ ትእዛዙ ብዙና የተወሳሰበ ስለ ነበር ወጥ ቤቱ ተጨናንቋል፤ የተፈጠረው የአገልግሎት መዘግየት እንጂ የዘር መድልዎ አይደለም የሚል ነበር።

ጉዳዩን እንድመረምረው የገፋፋኝ ይህ ማብራሪያ ነው። ምግብ ቤት የሚሸጠው አገልግሎት ሆኖ ሳለ፣ «የተበላሸው አገልግሎቱ ብቻ ነው» ማለት እንደ ማምለጫ መቅረቡ ይገርማል። ሐኪም «ሕመምተኛዬን የጎዳው ሕክምናዬ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ብሎ ራሱን ቢከላከል ማን ይሰማዋል?

የወጥ ቤቱ ተራ

እስቲ ለአፍታ ኩባንያውን እንመነውና ወደ ወጥ ቤቱ እንግባ። የቁርስና የረፋድ ሰዓት ለአብሳይ ከምሳም ከእራትም ይከፋል። ወጥ ቀድሞ ተሠርቶ ይጠብቃል፤ እንቁላል ግን አይጠብቅም። አንዱ አስኳሉ ለስልሶ፣ ሌላው ተገላብጦ በስሎ፣ ሦስተኛው ተመትቶ ተፈርፍሮ ይፈልገዋል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሰፊ የብረት ምጣድ ላይ በደቂቃዎች ልዩነት ይሠራል፤ እንደ ወጣ ካልቀረበም ይበላሻል። አስተናጋጇ ትእዛዙን በወረቀት ጽፋ ታስገባለች፤ ወረቀቶቹ በመጡበት ቅደም ተከተል ይሰቀላሉ፤ አብሳዩም ከፊተኛው ጀምሮ ያወርዳል። ሃያ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ሲገባ የመጨረሻው ጠረጴዛ 20 ወይም 25 ደቂቃ ቢጠብቅ ማንም አይፈርድም።

ማብራሪያውን የሚያፈርሰው ሁለተኛው ሳህን ነው። ተጨማሪ የሚጠይቅ ሰው አዲስ ትእዛዝ ሰጥቷል፤ ወረቀቱም ከስድስቱ ወረቀት ኋላ መሰለፍ ነበረበት። ክሱ እንደሚለው ከሆነ ግን ኋላ የገባው ቀድሞ ወጥቷል። የስድስቱ ወረቀት ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ተረስቷል፣ ወይ ሆን ተብሎ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ከሦስቱ አንዱም መጨናነቅ ተብሎ አይጠራም፤ መጨናነቅ ሁሉንም ያዘገያል እንጂ አንዱን ጠረጴዛ ለይቶ አያስቀርም። እርግጥ ነው፣ ቡና መሙላትና የተጠበሰ ዳቦ መጨመር የምጣዱን ተራ አይጠይቅም፤ ተጨማሪው ምን እንደ ነበር በዝርዝር ካልታወቀ ሙግቱን እስከ ጥግ መግፋት አይቻል ይሆናል። ቢሆንም ለአንዱ ጠረጴዛ የምትመላለስ አስተናጋጅ ለሌላው ጠረጴዛ ሁለት ዓረፍተ ነገር የምትናገርበት ጊዜ አላጣችም።

ጉዳዩ ተሟግቶ በዳኛ ፍርድ ስላልተቋጨ በአስተናጋጇ ልብ ውስጥ የነበረው ነገር በማስረጃ አልተረጋገጠም። ይህ ለሕግ ሰው ትልቅ ጉድለት ይሆን ይሆናል። አገልግሎትን ለሚያጠና ሰው ግን ያን ያህል አያግደውም፤ እንግዳ የአስተናጋጅን ልብ የሚያይበት ዓይን የለውም፤ የሚያየው አጠገቡ ያለውን ጠረጴዛ ነው።

የጎረቤት ጠረጴዛ

ዴቪድ ሜይስተር የተባለው የሥራ አመራር ምሁር በ1985 ስለ ወረፋ ሥነ ልቦና ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው የጠበቀውን ጊዜ የሚለካው በእጅ ሰዓቱ ብቻ እንዳልሆነ አስረድቶ ነበር። ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃ ከተነገረው ይረዝማል። እርግጠኛ ያልሆነ፣ ጭንቀት ያለበት ጥበቃ ይረዝማል። ፍትሕ የጎደለው ጥበቃም ፍትሐዊ ከሆነው ይረዝማል። የአናፖሊሱ ጠረጴዛ ሁሉንም ባንድ ጠዋት አስተናገደ፦ «እየመጣ ነው» ከሚለው በቀር ማብራሪያ አልነበረም፤ የሥራ ሰዓት እየገፋ ነበር፤ ባልንጀሮቻቸው ደግሞ ከጎናቸው እየበሉ ነበር።

ስድስቱ ብቻቸውን ገብተው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር። አንድ ሰዓት ጠብቀው፣ ተበሳጭተው ይወጡ ነበር፤ «የማይረባ ቤት» ብለው ይረሱት ነበር። መዘግየቱን ወደ ክስ የለወጠው ንጽጽሩ ነው፦ አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ፣ አንድ የመግቢያ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት የምግብ ዝርዝር፣ የተለየ ውጤት። ተመራማሪ ሆን ብሎ ሙከራ ቢያዘጋጅ እንኳ ከዚህ የተስተካከለ አያገኝም።

ፓራሱራማን፣ ዛይታምልና ቤሪ የተባሉት ሦስት ተመራማሪዎች በ1988 ባወጡት መለኪያ የአገልግሎትን ጥራት በአምስት ዘርፍ ከፍለውታል፦ ቃልን መጠበቅ፣ ቶሎ ምላሽ መስጠት፣ እምነት ማሳደር፣ የእንግዳን ስሜት መረዳትና የሚታየው ነገር፣ ማለትም የቤቱ፣ የዕቃውና የሠራተኛው ገጽታ። ደንበኞች አብልጠው የሚመለከቱት የመጀመሪያውን እንደ ሆነ ጥናቶቻቸው ደጋግመው አሳይተዋል። መለኪያውን አከብረዋለሁ፤ ዴኒስ ላይ ሳስቀምጠው ግን አንድ ቀዳዳ ይታየኛል። እያንዳንዱን ደንበኛ ለብቻው ይጠይቃል፤ የጠበቅኸውና ያገኘኸው ምን ያህል ተራራቀ ይለዋል። በአናፖሊስ የተራራቁት ግን ሁለት ጠረጴዛዎች ነበሩ። የዚያን ቀን መጠይቅ ቢበተን አሥራ አምስቱ ከፍተኛ ነጥብ ይሰጡ ይሆናል፤ አማካዩም «ደኅና ቤት» የሚል ይወጣው ነበር።

ከፍትፍቱ ፊቱ የሚለው የእኛ ሰው አባባል እንዲህ ባለ ቤት ይበልጥ ይሠራል። ዴኒስ ሰው ለየት ያለ ጣዕም ፍለጋ የሚሄድበት ቤት አልነበረም። በ1953 ሃሮልድ በትለርና ሪቻርድ ጄዛክ በካሊፎርኒያ ሌክዉድ ከተማ የከፈቱት የዶናት መሸጫ አድጎ በመላ አሜሪካ የተዘረጋ፣ ሃያ አራት ሰዓት የማይዘጋ ምግብ ቤት ሆነ። በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገና በዓል ሠራተኛውን ለማሳረፍ ሲወስኑ ብዙዎቹ ቤቶች የሚቆለፍ በር እንዳልነበራቸው ታወቀ፤ ዘግተው አያውቁማ። ከ1977 ጀምሮ የሚሸጠው ታዋቂው ግራንድ ስላም ቁርስ ሁለት ፓንኬክ፣ ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ቁራጭ ቤከንና ሁለት ቋሊማ ነው፤ የትም ከተማ ብትገቡ ያው ነው። ሳህኑ የትም አንድ ዓይነት ከሆነ፣ አንዱን ጠዋት ጥሩ ሌላውን መጥፎ የሚያደርገው ሳህኑን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። ረፋዱ ላይ ተሰብስቦ ቁርስና ምሳን አንድ አድርጎ የሚበላ ሰው፣ በተለይ በእረፍት ቀን፣ ርሃብ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ተቀምጦ መስተናገድን፣ ቡናው ሳያልቅ መሞላትን ይፈልጋል።

ከአናፖሊስ በፊት

ጉዳዩን ድንገተኛ አደጋ አድርጎ ማየት አይቻልም። በ1991 መጨረሻ በካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ አሥራ ስምንት ጥቁር ወጣቶች ወደ አንድ የዴኒስ ቤት ሲገቡ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ዶላር የመግቢያ እንዲከፍሉና የምግቡንም ዋጋ አስቀድመው እንዲያስረክቡ ተጠየቁ። በሌላ ጠረጴዛ የተቀመጡትን ነጭ ወጣቶች ያውቋቸው ነበርና ጠየቋቸው፤ እነርሱ እንዲህ ያለ ነገር አልተጠየቁም። እዚህም ነገሩን ያጋለጠው የጎረቤት ጠረጴዛ መሆኑን ልብ ይሏል። በቫሌሆ ደግሞ አንዲት ታዳጊ አሥራ ሦስተኛ ዓመቷን ልታከብር ከቤተሰቧ ጋር ሄዳ፣ ቤቱ ለልደት በነጻ እሰጣለሁ እያለ የሚያስተዋውቀውን ምግብ ተከለከለች። ይኸኛው ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ጠብ የለ፣ ጥድፊያ የለ፤ ልጅና ልደቷ ብቻ።

ከእነዚህ አቤቱታዎች ተነሥቶ የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ምርመራ አካሄደ፤ በማርች 1993 ማብቂያ ላይም ከኩባንያው ጋር በፍርድ ቤት የሚጸና ስምምነት ላይ ደረሰ። የስምምነቱ ወሬ ሳይበርድ፣ በቀናት ውስጥ፣ አናፖሊስ ላይ የሆነው ሆነ። ዋናው መሥሪያ ቤት በሳውዝ ካሮላይና ስፓርታንበርግ የፈረመው ወረቀት ሜሪላንድ ውስጥ ካለ አንድ ወጥ ቤት ገና አልደረሰም ነበር። ትልልቅ ድርጅቶች ፖሊሲ አወጣን ሲሉ የምጠራጠረው ለዚህ ነው። እንግዳ ፖሊሲን አያገኝም፤ የሚያገኘው አስተናጋጅን ነው።

ኩባንያው በአናፖሊስ የነበረውን የቤቱን ኃላፊ አሰናበተ፤ ምክንያቱም አቤቱታውን ለበላይ አላሳወቀም የሚል ነበር። በእኔ እይታ የኃላፊው ስሕተት የሚጀምረው ሪፖርት ካለመጻፉ በፊት ነው። ኃላፊን የሚፈልግ እንግዳ ጉዳዩ ገና ሊስተካከል እንደሚችል እየነገረ ነው፤ ሊከስ የቆረጠ ሰው ኃላፊ አገናኙኝ አይልም፤ ተነሥቶ ይሄዳል። ስልኩን ዘግቶ መምጣት፣ ከምጣዱ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ስድስቱ ማዞር፣ ጊዜ ካልበቃም በሳጥን ጠቅልሎ ያለ ሒሳብ መስጠት፣ ይቅርታ መጠየቅ ይቻል ነበር። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አልተደረገም።

ዋጋው

የባልቲሞሩና የካሊፎርኒያው ክስ የብዙ ሺህ ደንበኞችን አቤቱታ አሰባሰቡ። ኩባንያው ጥፋተኝነቱን ሳያምን በሜይ 1994 በ54.4 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 46 ሚሊዮን የሚጠጋው ለደንበኞች፣ ቀሪው ለጠበቆች ነበር። ካሳ የደረሳቸው ሰዎች ወደ 295 ሺህ ይጠጋሉ። ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ160 ዶላር በታች ነው፤ ማንንም አላበለጸገም። ግን 295 ሺህ ሰዎች ፎርም ሞልተው «እኔም ደርሶብኛል» ማለታቸው ከገንዘቡ ይከብዳል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በደሉ በደረሰባቸው ዕለት ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ሳይወጡ አልቀሩም። 

ያኔ የዴኒስን እናት ኩባንያ ፍላግስታርን ይመሩ የነበሩት ጄሮም ሪቻርድሰን ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ፤ ከታዋቂው የጥቁሮች መብት ማኅበር ከኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ጋርም በ1993 አጋማሽ ስምምነት አደረጉ። ስምምነቱ በብዙ ዓመታት ውስጥ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የሥራ፣ የግዢና በዴኒስ ስም ቤት የመክፈት ዕድል ለአናሳ ወገኖች እንዲደርስ የሚያደርግ ነበር። በዚያ ዓመት በዴኒስ ስም ከሚነግዱት የግል ባለቤቶች መካከል ጥቁሩ አንድ ብቻ ነበር። ለምግብ ቤት ሰው ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ግን በ1995 ጂም አዳምሰን ሥራ አስፈጻሚነቱን ከያዙ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው ሲገቡ ለሠራተኛው የሰጡት ቃል ግልጽ ነበር፤ ማንም ደንበኛን ወይም ባልደረባን በዘሩ የሚያንጓጥጥ ይባረራል። ረቼል ሁድ የተባሉ ባለሙያ ተቀጥረው ጉዳዩን በኃላፊነት ያዙ። ከአስተናጋጅ እስከ ሥራ አስኪያጅ ሁሉም ሥልጠና እንዲወስድ ተደረገ። በፍርድ ቤቱ ስምምነት መሠረት ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ተሾመ፤ ማንነታቸውን ያልገለጹ ጥቁርና ነጭ ተመጋቢዎችም ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ ቤቶቹ እየተላኩ መስተንግዶውን አነጻጸሩ።

ከእርምጃዎቹ ሁሉ የማደንቀው ይህን የመጨረሻውን ነው። ሥልጠና ብዙ ጊዜ ፊርማ ከማሰባሰብ አያልፍም፤ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ራሱን ነቅንቆ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጥንድ ተመጋቢ መላክ ግን ኩባንያውን ያዋረደውን ያንኑ ንጽጽር ወደ ዕለታዊ መቆጣጠሪያ ለወጠው፤ በአናፖሊስ በአጋጣሚ የተፈጠረው ሁኔታ አሁን ሆን ተብሎ ይፈጠራል፣ ውጤቱም ከከሳሽ በፊት ለባለቤቱ ይደርሳል።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በኤፕሪል 1997 በኒው ዮርክ ግዛት ሲራኪዩዝ ከተማ የእስያ ዝርያ ያላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ጓደኞቻቸው፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡ ነጮች ሲቀመጡ እኛ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆመን ጠበቅን ብለው አቤት አሉ፤ ከቤቱ እንዲወጡ ከተደረጉ በኋላም መኪና ማቆሚያው ላይ በሌሎች ደንበኞች ተደበደቡ። ሥልጠናው በሚሰጥበት፣ ተቆጣጣሪ በተሾመበት ወቅት መሆኑ ነው። ያም ሆኖ የፍርድ ቤቱ ስምምነት ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ በ2000 ማብቂያ ተዘጋ፤ ፎርቹን መጽሔትም በ2000 እና በ2001 የዴኒስን እናት ኩባንያ ለአናሳ ወገኖች ምቹ ከሆኑ የአሜሪካ ኩባንያዎች አንደኛ አድርጎ አስቀመጠው። ሽልማቱ በአብዛኛው በኩባንያው ውስጥ ማን እንደ ተቀጠረ፣ ከማን እንደ ተገዛ የሚለካ ነውና በየጠረጴዛው የሚደረገውን መስተንግዶ ሁሉ አይመሰክርም። ባለቤቶቹና ኃላፊዎቹ ሲለወጡ ወጥ ቤቱም አብሮ ይለወጣል የሚለው ግምት ግን መሠረት የሌለው አይደለም።

ለእኛ ቤቶች

አናፖሊስ ለዋሽንግተን ቅርብ ናት፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወገናችን በብዛት በዚህ ዓይነት ቤቶች አስተናግዷል፣ ተስተናግዷል፣ ዛሬም የራሱን ቤት ከፍቶ ያስተናግዳል። በአዲስ አበባም ቅዳሜና እሑድ ረፋድ ላይ ቤተሰብ ይዞ ወጥቶ ቁርስ መብላት እየተለመደ ነው፤ እንቁላል ፍርፍር፣ ጨጨብሳ፣ ፉል፣ ጭማቂ፣ ማኪያቶ። ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ ስለ ጣዕም አይደለም። «የውጭ አገር ሰው ገብቶ ሳይቀመጥ ሦስት አስተናጋጅ ይከበዋል፤ እኛ እጃችንን እንደ አነሣን እንቀራለን» የሚል ነው። ባለቤቶች ይህን ሲነገራቸው ሥራ በዝቶ ነው፣ ሠራተኛ አጥሮ ነው ይላሉ። የዴኒስ ሰዎችም ያሉት ይህንኑ ነበር።

ባለቤት ሆኜ ብጠየቅ ከሥልጠና አልጀምርም። መጀመሪያ ትእዛዝ የተሰጠበት ሰዓት በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍና ሲወጣም እንዲጻፍ አደርጋለሁ፤ ማታ ወረቀቶቹን ደርድሮ ኋላ ገብቶ ፊት የወጣውን መለየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ተጨማሪ የሚጠይቅ ጠረጴዛ ገና ያልበላውን ጠረጴዛ እንዳይቀድም አብሳዩ ራሱ እንዲያግድ ሥልጣን እሰጠዋለሁ፤ ይህ ደስ የማይላቸው አስተናጋጆች ይኖራሉ፤ ጥሩ ጉርሻ የሚሰጥ ደንበኛ ማስጠበቅ ኪስ ይነካልና። ከዚያ ወር በወር ሁለት የማይታወቁ ሰዎች፣ አንዱ ሱፍ ለብሶ አንዱ የሰፈር ልብስ ለብሶ፣ በአንድ ሰዓት ገብተው ያንኑ ፍርፍር እንዲያዝዙ እልካለሁ፤ የሁለቱም ሒሳብ ከቤቱ ይከፈላል፤ የሁለቱም ሰዓት ይጻፋል።